በኩሬው ዙሪያ፣ ሳንቆም

«ቀላል» ይላል። የልጅ ልጄ ሳሮን ባለፈው ሳምንት ከመሥሪያ ቤቷ ይዛው የመጣችው ወረቀት ነው እንዲህ የሚለው። ሦስት ቦታ የታጠፈ፣ የሚያብረቀርቅ፣ ፎቶ የበዛበት ወረቀት ነው። ለእንግዶች የሚታደል የእግር መንገዶች ማሳያ ነው አለችኝ። «እማዬ፣ አንቺ የላንቴ ልጅ ነሽ፤ ስህተት ካለው አይተሽ ንገሪኝ።» መነጽሬን አድርጌ አነበብኩ። መንገድ አንድ፦ የመስኖ ኩሬው ዙሪያ፣ አርባ ደቂቃ፣ ቀላል፣ ለማንኛውም ዕድሜ የሚሆን። መንገድ ሁለት፦ ጥንታዊቷ የጨንቻ ከተማ፣ የድሮው ገበያና የሸማኔዎቹ ሰፈር፣ አንድ ሰዓት ተኩል፣ ይኸኛውም ቀላል። ከአንዱ ወደ ሌላው በመኪና ይሄዳሉ ይላል። «ቀላል ያለው ማነው?» አልኳት። «እማዬ፣ አቀበት የለውማ» አለች። እውነቷን ነው፣ ኩሬው ዙሪያ አቀበት የለም፣ እንደ መዳፍ የተዘረጋ ሜዳ ነው። ነገር ግን እኔ ማርታ ያንን ኩሬ ስዞር ነው ባል ያገባሁት፤ ቀላል አልነበረም። ስለዚህ ተቀመጪ አልኳትና ነገርኳት። ስነግራት በየመሃሉ ስልኳን ታይ ነበር። ይኸው አሁን ደግሞ ለእናንተ እጽፈዋለሁ፤ እናንተ እንኳ እስክጨርስ ጠብቁኝ።

ኩሬው ሲቆፈር አፈር ተሸክሜያለሁ። ወረቀቱ ላይ «መንገዱ ለጥገና ሠራተኞች የተሠራ ነው» ይላል። ማንም አልሠራውም። እኛ ነን በእግራችን ያወጣነው። ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ዘመቻ ነበር፤ ከአርባ ምንጭ ወጣ ብለው ካሉት መንደሮች፣ ከኛ ከላንቴም ከጎረቤት ከጫኖም፣ ሰው ዶማና አካፋውን ይዞ ይወጣል፣ ጥሩምባ ይነፋል፣ ስም ይጠራል። የቀረ ሰው ስኳር ከገበሬ ማኅበሩ ሱቅ አያገኝም፤ ስኳር ደግሞ በዚያን ጊዜ እንደ ዛሬው መድኃኒት ወረፋ የሚጠበቅለት ነገር ነበር። እኛ ልጃገረዶቹ ካኪ ቀሚስና ሸራ ጫማ ነበር የምንለብሰው፤ ሸራ ጫማ ያላገኘች ኮንጎ ታደርጋለች፤ ኮንጎ ማለት የላስቲክ ጫማ ነው፤ ፀሐይ ሲበረታ እግር ይቀቅላል። ሙዝ ያን ጊዜ የትም የወደቀ ነበር፤ አንድ እጅ ሙዝ በአሥር ሳንቲም ገዝተን ሦስት ሆነን እንጨርሳለን። አንድ ሬዲዮ ነበረች፣ የማኅበሩ ጸሐፊ ነው ባለቤቷ፤ ከሙዝ ግንድ ላይ ያንጠለጥላትና ማርሽ ታሰማለች፣ መሃል ላይ ተሳስታ የፍቅር ዘፈን የለቀቀች እንደሆነ አካፋው ሁሉ ቀጥ ይላል። ታደሰን ያወቅኩት እዚያ ነው። ከጨንቻ የወረደ አናጢ ነበር፣ የሸማኔ ልጅ፤ የአፈር መሸከሚያውን ቃሬዛ እሱ ከፊት እኔ ከኋላ ሆነን ይዘን ስንት ቅዳሜ ተመላለስን። ከፊት ያለ ሰው ዝም ብሎ ይሄዳል፤ እሱ ግን ጉድጓድ ባየ ቁጥር «ተጠንቀቂ፣ ከግራ» ይለኝ ነበር። ሌላ ነገር ሳይለኝ ሁለት ወር ሄደ። እኔም በሁለት ወር ውስጥ ጀርባውን በቃሌ አወቅሁት።

ኩሬው ሲሞላ ውሃው በሚለቀቅበት በር ላይ መሻገሪያ ሳንቃ የሠራው ታደሰ ነው። አንድ ሰው ብቻ የሚያሳልፍ ጠባብ ሳንቃ ነበር። እዚያ በሩ አጠገብ ዘበኛ ተቀመጠ፤ ደምሴ ይባላል፣ የከተማ ሰው ነው፣ ኦርቶዶክስ፣ ቀጭን፣ ጠመንጃው ከራሱ የሚረዝም። ሥራው ሰው ልብስ እንዳያጥብ፣ ከብት እንዳይገባ መጠበቅ ነው። ኋላ ግን ሌላ ሥራ ተጨመረለት። የኛ የወንጌል አማኞቹ ጸሎት ቤት በሰንሰለት ተዘጋ፤ ወንበሮቹ ለማኅበሩ አዳራሽ ተወሰዱ፤ አምስት ሰው ሆኖ አንድ ቦታ መቆም ስብሰባ ነው ተባለ፤ ያንን የሚጠብቀው ደምሴ ሆነ። ለምን እንደተዘጋ የፖለቲካውን ነገር ለሚያውቁት ልተወው። እኔ የማውቀው በር ላይ የተንጠለጠለውን ቁልፍ ነው፣ ቢጫ ነበር፣ የሰው ቡጢ ያህላል።

ያኔ ወንጌላዊ ሳሙኤል መላ አመጣ። ወንጌላዊ ሳሙኤል አጭር፣ ድምፁ የማይሰማ፣ ሲናደድ ጫማውን የሚያይ ሽማግሌ ነበር። «መቆም ነው እንጂ የተከለከለው መሄድ አልተከለከለም» አለ። በቃ፣ ከዚያ በኋላ ጠዋት ጠዋት ኩሬውን መዞር ጀመርን። ሁለት ሁለት፣ ሦስት ሦስት ሆነን፣ በመካከላችን የድንጋይ ውርወራ ያህል እየተራራቅን። አንዱ ዶማ ይይዛል፣ አንዷ እንስራ፣ አንዷ የሙዝ ቅጠል ተሸክማ። ከፊት ያሉት አንዱን ስንኝ በለሆሳስ ያዜማሉ፣ ነፋሱ ወደ ኋላ ያመጣዋል፣ የሚከተሉት ይቀበሉታል፣ እንዲያ እያለ መዝሙሩ ኩሬውን ዞሮ ይመለሳል። ስብከትም ነበር። ወንጌላዊው ከፊተኞቹ ጋር ይጀምርና ቀስ ይላል፣ ሁለተኞቹ ይደርሱበታል፣ ሁለት ቃል ይላቸዋል፣ ደግሞ ሦስተኞቹ ይደርሱበታል። አክስቴ አየለች፣ የአባቴ እህት፣ ያሳደገችኝ፣ እግሯ ከባድ ስለሆነ እኔና እሷ ሁልጊዜ መጨረሻ ነበርን። አንድ ዓመት ሙሉ የስብከት መደምደሚያ ብቻ ነው የሰማሁት። «አሜን እንበል» ከሚለው ነው ለኔ የሚጀምረው። መጀመሪያውን የሰሙት እሑድ ከሰዓት እቤት መጥተው ኩርኩፋ፣ የበቆሎና የጎመን ቅቅል፣ እየበላን ይነግሩናል፣ እኛ መጨረሻውን እንነግራቸዋለን፣ እንዲያ ገጣጥመን ነው አንድ ስብከት የሚሞላልን። ዛሬ በማይክሮፎን ሲሰበክ የሚያንቀላፉትን ሳይ ደሜ ይፈላል፤ እውነቴን ነው።

ታደሰ ሽማግሌ ላከና አባቴ እሺ አለ። እኔ ያን ጊዜ የመሠረተ ትምህርት አስተማሪ ነበርኩ፤ አዋቂዎችን ፊደል አስቆጥር ነበር። ጋብቻ በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት መመዝገብ ነበረበትና ሄድን። ሊቀመንበሩ፣ ስሙን አላነሳም፣ ልጆቹ ደጎች ናቸው፣ ሁለት ወረቀት ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። አንደኛው የጋብቻው ነው። ሌላው «ከቀድሞው እምነቴ ወጥቻለሁ» የሚል ነው። «መጀመሪያ እዚህኛው ላይ ፈርሙ፣ ከዚያ ያኛውን እኔ እፈርማለሁ» አለ። እኔ «ሁለተኛው ወረቀት ከሰርጋችን ጋር ምን አገናኘው?» አልኩ።

«አስተማሪ ነሽ፣ ለሰው ምሳሌ መሆን አለብሽ።»

«ለዚያ ነው የማልፈርመው» አልኩት።

ዛሬም ሳስበው ደስ የሚለኝ ይህ ነው። ድምፄ አልተንቀጠቀጠም። ወጥተን በሩን ስናልፍ «በቃ፣ ጋብቻም የለም» ብሎ ከኋላችን ሲናገር ሰማን። ማስተማሩንም በሳምንቱ ከለከሉኝ። ይህ ሳይበቃ ታደሰ ለውትድርና ተጠራ። በአሥራ አንድ ቀን ውስጥ ይሄዳል። ሳላገባው ከሄደ ምን እንደምሆን አውቃለሁ፤ የሰው አፍ አለ፣ አባቴ አለ፣ ሌላ ጠያቂም አለ። እኔ ደግሞ ከሱ ሌላ ሰው አልፈለግሁም፣ ያንን ወረቀትም አልፈርምም። ሁለቱንም ነው ያልኩት። አክስቴ «አንቺ ግትር፣ በማን ወጣሽ?» ትለኝና መልሳ «በኔ ነው» ትላለች።

ወንጌላዊ ሳሙኤል ሦስት ቀን ጸለየና «እየሄድን እናጋባችኋለን» አለ። ቅዳሜ ጠዋት ከፀሐይ ጋር እንጀምራለን። እሱ፣ እኔና ታደሰ ሦስት ሆነን እንሄዳለን፣ ሦስት ሰው ስብሰባ አይደለም። ኩሬው ዳር ካለው ሾላ ዘንድ ስንደርስ ታደሰን ይጠይቀዋል። ወደ ጫኖ በኩል የባሕር ዛፎቹ ጋ፣ ከበሩ ራቅ ባለው ቦታ፣ እኔን ይጠይቀኛል። ምስክሮቹ በየተራ እየደረሱብን፣ ሰምተው ያልፉናል። «አደራ» አለ ለሁሉም፣ «አዲስ ልብስ የለም። የሥራ ልብስ። ዶማና እንስራችሁን ያዙ። ሰርግ የሚመስል ምንም ነገር እንዳይታይ።»

ሁሉም ሰማ፣ ሁሉም ታዘዘ። ያ ቅዳሜ ሲደርስ እንደዚያ ያረጀ ልብስ ተለብሶ አይቼ አላውቅም፤ አንዳንዶቹ ከጎረቤት የተቀደደ ተውሰው ነው የመጡት። እኔም በካኪዬ ነኝ። ታደሰ ሸራ ጫማውን አጥቦ ነጭ አድርጎት ነበር፣ ወንጌላዊው አይቶ «ጭቃ ርገጥበት» አለው፣ ረገጠበት። ሁሉ ነገር ደህና ነበር። ከዚያ ፀሐይዋ ከአባያ ሐይቅ በኩል ብቅ ስትል ዘወር ብዬ ሰውን አየሁ። የሴቱ ራስ ሁሉ ያበራል።

ቅቤ ነው። እኛ ጋሞዎች ዘንድ ሴት በደረቅ ራስ ሰርግ አትሄድም። ሙሽራዋን መናቅ ነው፣ ዕድሏን ማድረቅ ነው። ስለዚህ እያንዳንዷ «ልብሴን እሺ፣ ራሴን ግን እኔ ብቻ ትንሽ ብቀባ ማን ያየኛል» ብላለች። ሃያ ምናምን ሴቶች ናቸው፣ ሁሉም እኔ ብቻ ብለው ነው የተቀቡት። አክስቴ ደግሞ ትንሽ አይደለም፣ ጉብ ያለ ነው፣ ከመሃል አናቷ ላይ። ለእኔም በሻሽ ሸፍናልኝ ነበር። የላንቴን ሙቀት የሚያውቅ ያውቀዋል፤ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ቅቤው በየግንባሩ ይወርድ ጀመር፣ ዶማ የያዘ እጅ ሁሉ ዓይን ይጠርጋል፣ ሽታው ከኩሬው ወዲህም ወዲያም ሞላ። ወንጌላዊ ሳሙኤል ጫማውን እያየ «ሴቶች» አለ።

ሾላው ዘንድ ታደሰን ጠየቀው። ታደሰ «እሺ» አለ። ሁለት ሰዎች ሰምተው አለፉን። ወደ ባሕር ዛፎቹ መታጠፍ ሲገባን ደምሴ ከበሩ ላይ ጮኸ። «እናንተ፣ ሁላችሁም በዚህ በኩል እለፉ። አንድ በአንድ።»

በሩ ማለት ያ ሳንቃ ነው። ሌላ መንገድ የለም፤ ብንመለስ ሸሹ እንባላለን፣ ብንቆም ተሰበሰቡ እንባላለን። ወንጌላዊው «ሂዱ» አለ። መጀመሪያ ያለፉት ወንዶች ናቸው፣ ደምሴ አሳለፋቸው። ቀጥላ ከኋላ የነበረችው አክስቴ በዚያ በከባድ እግሯ ሁሉንም ቀድማ ከፊት ሆነች። እንዴት እንደደረሰች እስከ ዛሬ አላውቅም።

«እትዬ፣ ዛሬ ምን በዓል ነው?» አላት ደምሴ።

አክስቴ አማርኛ የተማረችው ገበያ ላይ ነው፤ አንተና አንቺ ለሷ አንድ ናቸው። «አንቺ ደምሴ፣ በዓል የለም። ራስ ምታት ነው። ፀሐይ መታን።»

«ሁላችሁንም?»

«ፀሐይ አታዳላም። እናንተ እኩል ነው አላላችሁም?»

ደምሴ ከንፈሩን ነከሰ። ጠመንጃውን ከግራ ወደ ቀኝ አዞረ። እሷን አሳለፋት፣ ቀጥሎ ሴቶቹን አንድ በአንድ፣ ራስ ራሳቸውን እያየ። አሁን ተራው የኛ ሆነ። ወንጌላዊው ቀድሞ ተሻገረ፣ ታደሰ ተከተለ፣ እኔ ሳንቃው ላይ ወጣሁ። ሳንቃው ታደሰ የሠራው ነው፣ የትኛው ጋ እንደሚወዛወዝ አውቃለሁ። ያኔ አሰብኩ፤ ከዚህ በኋላ የሚያሳልፉን አይመስለኝም፣ ወንጌላዊውን ይይዙታል፣ ታደሰ ይሄዳል፣ እኔ ሳልመልስ እቀራለሁ። ማንም አልጠየቀኝም። ጥያቄው ገና ባሕር ዛፎቹ ጋ ነበር የሚጠየቀው። እኔ ግን ሳልጠየቅ መለስኩ። ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ ሳልቆም፣ ታደሰ ጀርባ ላይ ዓይኔን ተክዬ፣ «ታደሰን ባሌ አድርጌ ተቀብያለሁ፣ በጌታ ፊት፣ እስክሞት» አልኩ። ደምሴ አጠገቤ ነበር፤ ክንዴ ጠመንጃውን ሊነካው ትንሽ ነው የቀረው።

ወንጌላዊው ማዶ ሆኖ ፊቱ አመድ መስሏል። ደምሴ ወደ ውሃው አየ፣ ከዚያ «ቶሎ ቶሎ እለፉ። እዚህ መቆም ክልክል ነው» አለ። አለፍን። ከበሩ ማዶ ማንም ቀና ብሎ ማንንም ሳያይ ወንጌላዊ ሳሙኤል እየሄደ በረከቱን ተናገረ፣ እኔም ባለ ባል ሆንኩ። ባሕር ዛፎቹ ጋ ስንደርስ ወንጌላዊው አለቀሰ፤ እኔ አላለቀስኩም፣ ቅቤው ዓይኔ ገብቶ ነው እንጂ።

እዚያ ቢያበቃ ደህና ነበር። አክስቴ ግን «አሁን ጨንቻ» አለች። ቅዳሜ የጨንቻ ገበያ ነው። ጨንቻ ያን ጊዜ ሹማምንቱ ጥለዋት ወደ አርባ ምንጭ ከወረዱ ቆይተዋል፤ ግን ገበያዋ ያው ነበር፣ የድሮዎቹ የሹማምንት ቤቶች በረንዳቸው ተንጋዶ ይታይ ነበር። በጋሞ ወግ አዲስ ሙሽራ ገበያ ትወጣለች፣ ለሕዝብ ትታያለች፣ ሶፌ ይባላል። ወንጌላዊው «ይህ የድሮ ነገር ነው፣ ይቅርብን» አለ። አክስቴ ግን «ወረቀት ከለከሏት» አለችው፤ «ወረቀት ከሌላት ገበያው ይያት። ገበያ ያየውን ማን ይፍቀዋል?» ወንጌላዊው ጫማውን አየ።

ወጣን። ከታች ያለው ሙዝና ሙቀት ነው፤ አንድ ሰዓት ስትወጪ ላብሽ ይደርቃል፣ ሁለት ሰዓት ስትወጪ ቀርከሃ ይጀምራል፣ ከዚያ ጉሙ ይመጣና ፊትሽን ይዳስሳል። አክስቴ በየድንጋዩ ላይ ትቀመጥና «ሂዱ፣ እደርሳለሁ» ትላለች፣ ከዚያ ትደርሳለች። የሳሮን ወረቀት ይህንን መንገድ አያውቀውም፣ «በመኪና» ብሎ ነው ያለፈው። ጨንቻ ስንደርስ እኩለ ቀን አልፎ ነበር። ብርዱ ያ ካኪ ቀሚስ ውስጥ ገብቶ አጥንቴን ሲነካኝ ከሸማኔ ሰፈር አንዲት ሴት፣ የታደሰ አባት ዘመድ ናት፣ ጋቢ ደረበችልኝ። አክስቴ ሻሼን አነሳችና ቅቤውን እንደገና አስተካከለች። ከዚያ በገበያው መካከል ሄድን፣ ከጥጥ ተራ እስከ ሽንኩርት ተራ፣ ከሽንኩርት ተራ እስከ ገብስ። አክስቴ ፊት ለፊት እየሄደች በጋሞኛ «የታደሰ ሚስት ናት፣ እዩአት» ትላለች። ሰው ይነሳል፣ ይመርቃል፣ አንዲት አሮጊት ባለ ጨርቅ የጥጥ ክር ትንሽ ጫፍ ቆርጣ እጄ ላይ አሰረችልኝ። ሁለት ካድሬዎችም ነበሩ፣ አዩን፣ ምን ያድርጉ፣ ሴት ገበያ ውስጥ እየሄደች ነው። ያንን ቀን ከዕድሜዬ ማንም ሊያወጣው አይችልም።

ታደሰ ሄደ። አራት ዓመት ቆየ፣ ስለ አራቱ ዓመት አልናገርም፣ እሱም አልተናገረም። ሲመለስ ቀኝ እግሩ አይታጠፍም ነበር። በተመለሰ በሳምንቱ ቅዳሜ ጠዋት «እንዙር» አለኝ። ዞርን። አርባ ደቂቃው አንድ ሰዓት ተኩል ሆነ። ከዚያ በየዓመቱ ዞርን፣ ጸሎት ቤቱ ከተከፈተ በኋላም፣ ደምሴ ከበሩ ከተነሳ በኋላም፣ ሳንቃው ሲሚንቶ ከሆነ በኋላም። አምስት ልጅ ወለድን። ከሦስት ዓመት በፊት ታደሰ አረፈ፣ በገዛ አልጋው፣ እጄ ላይ።

የሞት ማስረጃውን ለማውጣት ቀበሌ ሄድኩ። ኮምፒዩተሩ ፊት የተቀመጠችው ልጅ ቆንጆ ናት፣ ትሁት ናት። «የጋብቻ ማስረጃ ይዘዋል እማማ?» አለችኝ። የለኝም አልኩ። ብዙ ጻፈች፣ ብዙ ጠቅ ጠቅ አደረገች። «እንግዲያው ያላገባች ብዬ ነው የምመዘግብዎት። ሲስተሙ ሌላ አይቀበልም» አለችኝ። እኔ የሰባ ዓመት ሴት ነኝ። ነጠላዬን ለኀዘን አዘቅዝቄ ነው የቆምኩት። «የኔ ልጅ፣ እስኪ ደግመሽ በይው» አልኳት። አልደገመችውም፣ አፈረች። «ያ ሊቀመንበር ያልቻለውን አንቺ ልታደርጊው አትችዪም» ብዬ ወጣሁ። ሊቀመንበሩ ማን እንደሆነ እንኳ አታውቅም፣ ምስኪን።

ፍርድ ቤት ሄድኩ። ዳኛው ልጄ የሚሆን ነው። ሥነ ሥርዓቱን በዓይናቸው ያዩ ምስክሮች አምጪ አለኝ። ልጆቼ ተነሱ፤ «እናንተ ለእናታችሁ ሰርግ ምስክር አትሆኑም» አላቸው፤ እሱም ልክ ነው። አክስቴ ሞታለች። ወንጌላዊ ሳሙኤል ሞቷል። ከዚያ ቀን ሰዎች በሕይወት ያሉት ሁለት ናቸው፤ አንዷ ካምባ ልጇ ዘንድ ሆና ሰው አትለይም፣ ሌላው አልጋ ይዟል። ሌሊት እያሰብኩ ሳልተኛ አደርኩና ሲነጋ አንድ ሰው ትዝ አለኝ።

ደምሴ አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ሰፈር ነው የሚኖረው፣ ከልጁ ሱቅ በስተጀርባ። አርባ ዓመት ያህል ሰላም ብለነው አናውቅም ነበር። ከዘራ ይዞ በረንዳ ላይ ተቀምጧል፣ አሁንም ቀጭን ነው። «ታውቀኛለህ?» አልኩት። ቀና ብሎ አየኝ፣ ራሴን አየ። «ባለ ቅቤዋን» አለ።

አልሳቅኩም። «ደምሴ፣ ይቅርታ እንድትጠይቀኝ አልመጣሁም፤ እኔም ይቅር ልልህ አልመጣሁም። ያን ጠዋት ነፍሳችንን ነው ያወጣኸው። አሁን ግን ያየኸውን መናገር አለብህ» አልኩት። ከዘራውን ተመርኩዞ ተነሳ። «ልጄ ልብሴን ትተኩስልኝ» አለ።

ችሎት ፊት ከዘራውን ለጸሐፊው ሰጥቶ ቀጥ ብሎ ቆመ። ዳኛው ምን እንዳየ ጠየቀው።

«የኩሬው ዘበኛ ነበርኩ ክቡር ዳኛ። ይቺን ሴት በዚያ ቅዳሜ አይቻታለሁ። ሃያ ሦስት ሴቶች ቅቤ ተቀብተው ነበር፣ ቆጥሬያቸዋለሁ። ባሏ ቀድሟት ሳንቃውን ተሻገረ። እሷ ሳንቃው ላይ ሆና ‹ታደሰን ባሌ አድርጌ ተቀብያለሁ፣ በጌታ ፊት፣ እስክሞት› አለች። አጠገቧ ነበርኩ።»

ቃል አልጎደለም። እኔ እንኳ እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጬ ከንፈሬን ነበር የማንቀሳቅሰው።

«ታዲያ ያን ጊዜ ለምን ሪፖርት አላደረጉም?» አለ ዳኛው፣ ከማወቅ ጉጉት ብቻ ይመስለኛል።

«ከቆሙ ጻፍ ነበር የተባልኩት» አለ ደምሴ። «አልቆሙም።»

ወረቀቱ በሁለተኛው ሳምንት ደረሰኝ። «የሟች ሚስት» ይላል፣ ማኅተም አለው። ለቀበሌዋ ልጅ ወስጄ አሳየኋት፣ ደስ አላት፣ ጻፈችው። ደምሴን ይቅር ብየዋለሁ ወይ ብላ ሳሮን ጠየቀችኝ። አላውቅም። ለፋሲካ ሁለት እጅ ሙዝ ልኬለታለሁ፣ ያው ላንቴ ሙዝ ነው። ይቅርታ ከሆነ ይሁን።

ያን ሁሉ ስነግራት ሳሮን ስልኳን ያስቀመጠችው ሳንቃው ላይ ስደርስ ነው። በማግስቱ ቅዳሜ ነበርና ወስዳ አዞረችኝ። መንገዱን አሳምረውታል፤ ጠጠር አፍስሰዋል፣ ቁጥር የተጻፈባቸው እንጨቶች ተክለዋል፣ ዓሣ የሚጠብስም አለ። ሾላው የለም፣ ጉቶው ብቻ አለ። እያዘገምን የውሃው በር ጋ ስንደርስ፣ ልክ ደምሴ በነበረበት ቦታ፣ አዲስ አግዳሚ ወንበር አለ። ከላዩ በትልቁ «እዚህ ያርፉ» ተብሎ ተጽፏል። ጉልበቴ አልቆ ነበር፣ ሳሮንም አየችኝ። ክንዴን ይዛ ወደ ወንበሩ ሳብ አደረገችኝ።

«እማዬ፣ ትንሽ ቁጭ በይ፣ ደክሞሻል።»

«ደክሞኛል» አልኳት። «እዚህ ግን አንቆምም።»

ሲሚንቶውን ተሻገርኩ።